የገመዱ ፎቶዎች

ጥቁሩን መስኮት መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን እጆቼን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳላስበው አንድ ነገር ነክቼ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር የማበላሽ መስሎኝ ነበር። በለመድኩት የኮምፒውተር ሥራ የሚጫኑት ምስል አለ፤ ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት አለ፤ ፋይል ሊጠፋ ሲል እርግጠኛ መሆኔን የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣል። እዚህ ግን ያለው ጥቁር ገጽና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ጭረት ብቻ ነው። የጻፍኩት ትእዛዝ ሳይጠይቀኝ ይፈጸማል። እኔ ደግሞ ሱቅ ገብቼ ሳሙና ለመጠየቅ እንኳ የምናገረውን በሆዴ ሁለት ጊዜ የምለማመድ ሰው ነኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ሰቆጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ የገጠር የውኃ ጉድጓዶችን የሚከታተል አንድ ትንሽ ቢሮ በመረጃ ሠራተኛነት ቀጠረኝ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ስንለያይ ሩቢ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ስለ እሱ የተጻፉ ብዙ ገጾችን በፍላሽ ጭናልኝ ነበር። እኛ ጋ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን እንደሚጠፋ ታውቃለች።

«ይኼ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» አለችኝ። «አዝራርና ሥዕል ያለው ነገር ለመሥራት አትድከሚ። በጽሑፍ ብቻ የምታዝዢው ትንሽ መሣሪያ ጻፊ። ስሙን ትጽፊያለሽ፣ የትኛው ፎልደር ላይ እንደሚሠራ ትነግሪዋለሽ፣ ሠርቶ ይጨርሳል። ማንንም ማናገር የለብሽም።»

የመጨረሻውን ለእኔ ብላ እንደ ጨመረችው ገብቶኛል።

ከጥቅምት ጀምሮ በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን ተማርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮግራም ስሜን ስሰጠው ስሜን መልሶ የሚጽፍ ነበር። ቀጥሎ ከትእዛዙ አጠገብ የምጽፈውን ቃል እንዴት እንደሚቀበል፣ ቃሉን ከረሳሁ ደግሞ አጠቃቀሙን አሳይቶ እንዴት እንደሚቆም አወቅኩ። ስሕተት ሲኖር የሚመጣው ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት ልቤን ያዘልለው ነበር፤ ከአለቃ የመጣ ተግሣጽ ይመስለኛል። ወረቀት ላይ ገልብጬ አንድ በአንድ እፈታዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በትእዛዙ መጨረሻ መጻፍ ያለበትን የማብቂያ ቃል መርሳቴ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ካነበብኳቸው ገጾች አንዱ፣ ጥሩ የትእዛዝ መሣሪያ ሥራው ሲሳካ ምንም ሳይናገር ይወጣል፣ የሚናገረው ሲቸገር ነው ይላል። ይህን ወደድኩት።

የቢሮው ኃላፊ ኢንጅነር ነው። ቀልድ የሚወድ ቢሆንም ሥራ ላይ ፊቱ ይጠቁራል። በክፍሌ በር ሲያልፍ ቆም ይላል።

«ዛሬም ያ ጥቁር ነገር ፊት ተቀምጠሻል? ምን ይልሻል?»

«ምንም አይልም ኢንጅነር።»

«ታዲያ ተግባብታችኋላ።»

ሥራዬ ይህ ነበር። በዝቋላ፣ በደሃናና በአበርገሌ ወረዳዎች ባሉ አምስት ጎጦች አምስት ጉድጓዶች አሉን። እያንዳንዱ ሕዝቡ የመረጠው ጠባቂ አለው። ጠባቂው በወር ሦስት ጊዜ በየክንዱ ቋጠሮ ያለውን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበትን ገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል። ድንጋዩ ውኃውን ሲነካ ገመዱን በጉድጓዱ አፍ ልክ ይይዘዋል፤ ከዚያ አውጥቶ መሬት ላይ ይዘረጋውና ከያዘበት ቦታ እስከ ድንጋዩ ድረስ ፎቶ ያነሳዋል። ቋጠሮው በበዛ ቁጥር ውኃው ርቋል ማለት ነው፤ ክንድ ያልሞላውን ትርፍ ጣቶቹን ገመዱ ላይ ደርድሮ ያሳያል። ፎቶውን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ለቢሮው ስልክ ይልካል። ኢንጅነሩ በቃል የተነገረ ቁጥር አይቀበልም። «ጉድጓዴ አልደረቀም የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ገመዱን አሳዩኝ» ይላል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የቆፋሪዎች ቡድን ይመጣል ተብሏል። ከአምስቱ ጉድጓዶች ሁለቱን ብቻ ጥልቅ አድርጎ ይሄዳል። የሚመረጡት በአምስት ወር ውስጥ ውኃቸው አብዝቶ የወረደባቸው ናቸው። ያልተመረጠው ጎጥ እስከ ክረምት ወንዝ ወርዶ አሸዋ እየጫረ ይቀዳል።

የዝቋላው ጉድጓድ ጠባቂ የአጥቢያው ቄስ ናቸው። ጉድጓዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ስለሆነ ሕዝቡ እሳቸውን መረጠ። በአካል ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ ገመዱን ሊወስዱ ሰቆጣ የመጡ ዕለት ነው፤ ያን ቀንም እኔ አንገቴን ደፍቼ አስፈረምኳቸው እንጂ አልተናገርኩም። ቤታቸው የሚነገረው ኽምጣኛ ነው። አማርኛን ቀስ ብለው፣ ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ይናገሩታል። ሌሎቹ ጠባቂዎች ከፎቶው በታች ቀኑንና ወሩን ይጽፋሉ። እሳቸው ግን የሚለኩት ለቅዳሴ በሚወጡበት ቀን ስለሆነ «ሚካኤል»፣ «ማርያም»፣ «በዓለ ወልድ» ብለው ብቻ ይልካሉ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። እኛ ቤት «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ «ዛሬ ማን ነው?» ነው የሚባለው። ወሩንማ ሁሉም ያውቀዋል።

ፎቶዎቹ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ ስማቸው ረጅም ቁጥር ነው። እያንዳንዱን ከፍቶ አይቶ ስም መስጠት ቀን ሙሉ ይፈጃል። የመጀመሪያዋን የእውነት መሣሪያዬን የጻፍኩት ለዚህ ነበር። ፎቶ በደረሰ ቁጥር የምመዘግበውን ዝርዝር ታነብና በቁጥሩ ፋንታ የጎጡን ስምና ከፎቶው በታች የተጻፈውን ቃል የፋይሉ ስም ታደርጋለች። በጥቅምት ወር ፎቶዎች ሞከርኳት። ሠራች።

መጋቢት ገብቶ የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች እንደ ደረሱ፣ ሰኞ ዕለት የአምስቱን ወር ሁሉ ልሰጣት ተዘጋጀሁ። አስቀድሜ ሙሉውን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ላይ አሠራኋት። ምንም ሳትናገር ጨረሰች። ቀጥዬ ፍላሹ ላይ ያለው ግልባጭ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ስም ይኑረው ብዬ እዚያም አሠራኋት። ምንም ሳትናገር ጨረሰች። የማደርገው ሁሉ ጥንቃቄ ነበር የመሰለኝ። የቢሮው ስልክ ሞልቶ ስለነበር ፎቶዎቹን ከስልኩ አጠፋሁ። ለቄሱም ከወራት በፊት፣ ስልካቸው ከሞላ የላኩትን ቢያጠፉት ችግር እንደሌለው በትሕትና ጽፌላቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቋጠሮዎቹን ልቆጥር የዝቋላውን ፎልደር ከፈትኩ። በወር ሦስት፣ በአምስት ወር አሥራ አምስት ፎቶ መኖር ነበረበት። ያሉት ሦስት ናቸው። ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ ወልድ።

ኮምፒውተሩ ዘግይቶ የቀረውን የሚያመጣ መስሎኝ ጠበቅኩ። ዘግቼ ከፈትኩ። ፍላሹን ሰካሁ። ሦስት። ስም ስለሚቀይረው ትእዛዝ የሚናገረውን ገጽ ፈልጌ አነበብኩ፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል የለበትም። ሁለት ትናንሽ ፋይሎች ሠርቼ ለሁለቱም አንድ ስም ስሰጥ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ቦታ ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው የለም። ጥያቄ አልመጣም፣ ማስጠንቀቂያ አልመጣም። የኅዳሩ ሚካኤል የጥቅምቱን አጥፍቶ ነበር፤ የታኅሣሡ የኅዳሩን። የተረፉት የየካቲት ብቻ ናቸው። የሌሎቹ አራት ጉድጓዶች ፎቶ ወር ስለተጻፈበት አንድም አልጎደለም።

ከጎኔ ባለው ክፍል ኢንጅነሩ በስልክ ሲስቅ ይሰማኛል። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት፤ ወዲያው ደግሞ የተዘጋ በር ያስጠረጥረኛል ብዬ ከፈትኩት።

ለጓደኛዬ ደወልኩ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ላከችልኝና ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ወረደ። የተገኙት የተሰባበሩ ምስሎች ናቸው፤ በአንዱ ላይ የጉድጓዱ አፍ ሲሚንቶ ይታያል፣ ገመድ ግን አይታይም።

ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ተግሣጹ አልነበረም። ዝም ብል ምን እንደሚሆን ማወቄ ነው። ምንም አይሆንም። ከዝቋላው ጉድጓድ አጠገብ «መረጃ ያልተሟላ» ይጻፋል፣ ከምርጫው ይወጣል፣ ለምን እንዳልተሟላ የሚጠይቅ የለም። ቄሱ ሳይልኩ ቀሩ ይባላል። እኔ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ እዚያ ያሉ ሰዎች እስከ ሰኔ አሸዋ ይጭራሉ።

ሐሙስ ዕለት ኢንጅነሩ ብቅ አለ።

«የጉድጓዶቹ ዝርዝር ሰኞ ይደርሳል አይደል?»

«ይደርሳል» አልኩ። ከአፌ ከመውጣቱ ላርመው ቀና አልኩ። እሱ ሄዷል።

ቄሱን በስልክ ማግኘት የሚቻለው ቅዳሜ፣ ገበያ ወደ ወረዳው ከተማ ሲወጡ ነው። ሁለት ቀን የምናገረውን በወረቀት ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከቤታችን ጓሮ ቆሜ ደወልኩ። ጾም ስለሆነ ድምፃቸው ደርቋል፤ ከኋላቸው አህያ ያናፋል።

«አባ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«የሰቆጣዋ ነኝ። ፎቶ የሚልኩልኝ።»

«እ፣ ጸሐፊዋ። መጻፍ ብቻ እንጂ መናገር የምታውቂ አልመሰለኝም ነበር።»

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ወረቀቴን አነበብኩ። «አባ፣ የላኩልኝን ፎቶ አጥፍቻለሁ። በኔትወርክ አይደለም፣ በእኔ ስሕተት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሁሉንም?»

«አብዛኛውን።»

«እኔ ዘንድ የለም። አጥፉ ብለሽኝ አጥፍቻለሁ።»

«አውቃለሁ አባ።»

ሰው ሰላም ሲላቸው፣ እሳቸውም በኽምጣኛ ሲመልሱ ሰማሁ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ቆፋሪዎቹስ?»

«ፎቶ ከሌለ እናንተ ጋ ላይመጡ ይችላሉ።»

«ልጄ፣ አሁን እኮ ሁለት ጀሪካን ከተቀዳ በኋላ የሚወጣው ጭቃ ነው።»

ወረቀቴ አልቋል። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?» አሉ በመጨረሻ። «ጻፊ። የጥቅምት ሚካኤል ዘጠኝ ክንድ። ማርያም ዘጠኝ ከሁለት ጣት። በዓለ ወልድ ዘጠኝ ተኩል። የኅዳር ሚካኤል አሥር፤ ንግሥ ነበረ፣ ሕዝቡ በዝቶ ቀድቶ ነው። ማርያም አሥር ከአምስት ጣት። ጻፍሽ?»

«እየጻፍኩ ነው።»

ቀጠሉ። የታኅሣሥ በዓለ ወልድ ልደት ነው፤ ከቅዳሴ ወጥተው እንቅልፍ እያዳፋቸው ነበር የለኩት። የጥር ማርያም ዕለት ገመዱ ከድንጋይ ተጠላልፎ ሁለት ጊዜ አወረዱት። እየጻፍኩ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እኔን ለመርዳት፣ ወይም ለሕዝባቸው ብለው፣ የሚመስላቸውን እየነገሩኝ ቢሆንስ?

«አባ፣ በወረቀት ይዘውት ነው?»

«ወረቀት? ቅዳሴውን በቃሌ ይዤ አሥራ አምስት ቁጥር ይጠፋኛል?» አሉ። አልተቆጡም፤ ነገሩ ያሳቃቸው ይመስላል። «የቀሩልሽ የትኞቹ ናቸው? እነሱን ልተዋቸው።»

አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። «ሁሉንም ይንገሩኝ አባ» አልኩ። ቄስ እየፈተንኩ እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያልኩት። የገባቸው ይመስለኛል። የየካቲትን ሦስቱንም ነገሩኝ።

ቤት ገብቼ በፍላሹ ያሉትን ሦስት ፎቶዎች ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩ። ሚካኤል፣ አሥራ አምስት ክንድ ከሦስት ጣት ብለዋል፤ አሥራ አምስት ቋጠሮና ሦስት ጣት ቆጠርኩ። ማርያም ልክ ነው። በዓለ ወልድ አሥራ ስድስት ከአንድ ጣት ብለዋል፤ እኔ የቆጠርኩት አሥራ ስድስት ከሁለት ነው። ምስሉን አጉልቼ ስድስት ጊዜ ቆጠርኩት። የእጃቸው ጥላ ገመዱ ጫፍ ላይ ወድቋል። አንድ ጊዜ አንድ ይመስላል፣ አንድ ጊዜ ሁለት። እሑድን በዚያች ጣት ዋልኩ።

ሰኞ ኢንጅነሩ ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ ነገርኩት። የምናገረውን የጻፍኩበትን ወረቀት አላነበብኩም፤ ከእጄ ላብ የተነሣ ቀለሙ ደብዝዞ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ረቡዕ።»

«ሐሙስ ጠይቄሻለሁ።»

«አዎ።»

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ይዤው የመጣሁትን ላፕቶፕ ወደ ራሱ አዙሮ በእስክሪብቶ ጫፍ ማያው ላይ ቋጠሮ እየቆጠረ የቄሱን ቁጥሮች ከጻፍኩበት ወረቀት ጋር አስተያየ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«እዚህ ጋ አንድ ጣት ይለያያል» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«እኔና አንቺ አብረን ብንለካ ራሱ አንድ ጣት እንለያያለን።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ግን የቀሩት አሥራ ሁለት ትክክል ናቸው ብለሽ ትፈርሚያለሽ?»

አዎ ብል ያላየሁትን አየሁ ማለቴ ነው። አይደለም ብል ጉድጓዱን በእጄ ደፈንኩት ማለት ነው።

«ሦስቱ ትክክል ናቸው ብዬ እፈርማለሁ» አልኩ። «አሥራ ሁለቱን ደግሞ፣ የትኞቹ ፎቶዎች እንደ ተረፉ ሳያውቁ እሳቸው እንደ ነገሩኝ ጻፍኩ ብዬ እፈርማለሁ። ፎቶዎቹን ያጠፋሁት እኔ መሆኔንም እጽፋለሁ።»

«ምርመራ በሚለው ዓምድ ላይ ጻፊው» አለ። «እንዳልሽው አድርገሽ። አንድ ቃል ሳትቀንሺ።»

ዝርዝሩ ተሠራ። አንደኛ ኒሯቅ ከተማ አጠገብ ያለ የአበርገሌ ጉድጓድ። ሁለተኛ ዝቋላ። ሦስተኛ ደሃና፤ የውኃው መውረድ ከዝቋላው በአንድ ክንድ ብቻ አንሶ፣ አሥራ አምስት ፎቶው ተሟልቶ። ከአሥራ ሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው፣ መውረዱ ከእሱ ተነሥቶ የሚሰላው የጥቅምቱ ዘጠኝ ክንድ፣ በእውነት አሥር ተኩል ቢሆን ኖሮ ቦታቸው ይለዋወጥ ነበር።

ኢንጅነሩ ዝርዝሩን ፈርሞ ሰጠኝ። «ለደሃናዋ አንቺ ደውዪላት» አለኝ። «ነገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

የደሃናው ጠባቂ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴት ናቸው። ቤታቸው ዳገት ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ያገኛቸዋል። በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት። ሰላምታውን ስንጨርስ ነገርኳቸው።

«እኛ እኮ አንድም አላጎደልንም» አሉ።

«አላጎደሉም እትዬ። ሁሉም ደርሷል።»

«ታዲያ?»

«የዝቋላው በአንድ ክንድ በለጠ።» ስልኩን እዚህ መዝጋት እችል ነበር። «ግን የእነሱ ፎቶ በእኔ ስሕተት ጠፍቶ፣ አብዛኛው ቁጥር የተወሰደው ከቄሳቸው ቃል ነው። ይህንን ማወቅ አለብዎት።»

ሩቅ የሆነ የበግ ድምፅ ይሰማል። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አንቺ አምነሻቸዋል?»

«ሦስቱን ቆጥሬአለሁ። ሌላውን አምኛለሁ።»

«እኛ እንግዲህ አህያ ጭነን ወንዝ መውረዳችን ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ገመዱንስ? አሁንም ላውርደው?»

«እባክዎ። ለሚቀጥለው ዙር ያስፈልጋል።»

«ፎቶውን ለማን ነው የምልከው?»

ለሌላ ሰው እንዲልኩ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ቢሮው ውስጥ ሌላ የመረጃ ሠራተኛ የለም።

«ለእኔ» አልኩ።

«ለአንቺ» አሉ፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።